ደስታ ገብቷል

የዶክተር ሽኩርን ሞት የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ይህን ስጽፍ አሁንም ያንገበግበኛል። ሃያ ሁለት ሰፈር ታክሲ ስጠብቅ አንድ የድሮ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ አገኘኝና፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ "ዶክተር ሽኩር ማረፋቸውን ሰማሽ አይደል?" አለኝ። እኔ ምን እሰማለሁ! ማን ነግሮኝ! በእነሱ በሙስሊሞቹ ደግሞ ቀብር አይዘገይም፤ ሐሙስ ጠዋት አርፈው ሐሙስ ከሰዓት ተቀብረዋል። እኔን ሥራ ያስተማሩኝ ሰው፣ አፈር ሳላለብሳቸው ቀረሁ።

በማግስቱ ለቅሶ ለመድረስ ከአትላስ ጀርባ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ያ ባልደረባዬም ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ትንሽ ቆየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ግን ፈሪ ነበሩ አይደል?" ብሎ ፈገግ አለ።

"አዎ፣ ፈሪ ነበሩ" አልኩት፤ "አንተ ደግሞ ደፋር ነህ። እስቲ በድፍረትህ የሠራኸውን አንድ ነገር ንገረኝ።"

ፊቱን ወደ ድንኳኑ በር አዞረ። ለቅሶ ቤት እንዲህ ተብሎ አይመለስም፣ አውቃለሁ። ምላሴ ከድሮም ልጓም የለውም።

ፈሪ ለመሆንስ ፈሪ ነበሩ። እሳቸውም ክደው አያውቁም። የእንስሳት ሐኪም ሆነው ውሻ ይፈሩ ነበር፤ ይኸው ብቻውን ይበቃል። ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ትምህርቴን ጨርሼ እሳቸው በሚመሩት የእንስሳት በሽታ መከታተያ ክፍል ስመደብ፣ መጀመሪያ ይዘውኝ የወጡት ቦሌ አንድ ትልቅ ቪላ ቤት ውሻ ልንከትብ ነው። በሩን አንኳኩተው ከኋላዬ ቆሙ። ከጀርባዬ ሆነው ከዘበኛው ጋር ይነጋገራሉ።

"ውሻው ታስሯል?"

"ታስሯል ዶክተር።"

"በምን?"

"በሰንሰለት።"

"ሰንሰለቱስ በምን ታስሯል?"

ዘበኛው እኔን አየኝ፣ እኔ ዘበኛውን አየሁት። ውሻውን የወጋሁት እኔ ነኝ። እሳቸው የመድኃኒቱን ሳጥን አቅፈው፣ የግራ ጆሯቸውን ጫፍ በሁለት ጣት ቆንጥጠው ከበሩ ጋ ይጠብቁኛል። ሲፈሩ ጆሯቸውን መያዝ ልማዳቸው ነበር፤ አለቃ ሲጠራቸው ይይዙታል፣ ወታደር ሲያዩ ይይዙታል፣ ሊፍት ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ሁለቱንም።

ሥራ ላይም ያው ናቸው። ከየክፍለ ሀገሩ ሪፖርት ይመጣል፤ ከብቱ ጤና ነው፣ አንድ ሁለት ጥጃ አስሏል፣ ሌላ ችግር የለም ይላል። ሁላችንም እፎይ ስንል እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው "ቆዩ፣ መጀመሪያ እንፍራ" ይላሉ። "መጀመሪያ እንፍራ፣ ከዚያ እንረጋጋለን።" ከዚያ ጥጃው መቼ አሳለ፣ ከየት ገበያ ተገዛ፣ እናቱስ እያሉ ስልክ ሲያስደውሉን ይውላሉ። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ይቀልድባቸው ነበር። ሻይ ሲመጣ አንዱ ተነስቶ "ቆዩ፣ መጀመሪያ እንፍራ" ይላል፣ ሁሉም ይስቃል። እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

አንድ ጊዜ ለመስክ ሥራ ወደ ቆላ ስንወርድ መኪና ውስጥ ጠየቅኳቸው። "ዶክተር፣ ከተወለዱ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚፈሩት?"

"አይ፣ አንቺ ልጅ" አሉኝ፤ "በወጣትነቴ ደፋር ነበርኩ።" ከዚያ ነገሩኝ። አዲስ ሐኪም ሆነው አንድ መንደር ሲደርሱ ከብቶቹ እንባቸው ይወርዳል፣ አፋቸው ቆስሎ ለሃጫቸው ይዝረበረባል። በሽታው ምን እንደሆነ ጠርጥረዋል። ግን ተምረው የለ! ውጤቱ ከላቦራቶሪ እስኪመጣ ብለው ዝም አሉ። ውጤቱ ሲመጣ መንደሩ ውስጥ የቀረ ከብት አልነበረም። "አንድ ሽማግሌ ባዶ በረቱ በር ላይ ቁጭ ብሎ የላሞቹን ስም እየጠራ ነበር። አንድ በአንድ። እኔን ሲያየኝ እንኳ አላቋረጠም" አሉኝ።

የዚያ በሽታ ስም በአማርኛ ደስታ ነው። የማያውቅ ሰው ሲሰማው ቀልድ ይመስለዋል። ለምን እንዲህ ተባለ ብዬ የገጠር ሰዎችን ስጠይቅ፣ እውነተኛ ስሙን ከጠራነው ይመጣል ብለን ነው ያሉኝ አሉ። ከብት በጅምላ የሚጨርስ፣ ቤት የሚያራቁት፣ ሰው የሚያሰድድ በሽታ፣ ደስታ! ዶክተር ሽኩር በየቆላው ላሉ የእንስሳት ክሊኒኮች ሁሉ የማይሻር ትእዛዝ ሰጥተው ነበር። "ደስታ ከገባ፣ ቀን ይሁን ሌሊት፣ ደውሉልኝ።"

ችግሩ፣ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ደስታ የሚባል ሾፌርም ነበረን።

ናይሮቢ ለሚደረገው የከብት ጤና ጉባኤ ልንሄድ ጥቂት ሲቀረን፣ ይህ ሾፌር ክትባት ጭኖ ድንበር አጠገብ ወዳለ የቆላ ክሊኒክ ተልኮ ነበር። ዝናብ መንገዱን ቆርጦት ወሬው ጠፋ። ዶክተር ሽኩር እንደ ልማዳቸው ጆሯቸውን ይዘው ሰነበቱ። በመጨረሻ ለክሊኒኩ ረዳት ደውለው "ደስታ ሲገባ ደውልልኝ" አሉት። አጠገባቸው ሆኜ ሰምቻለሁ። የመሥሪያ ቤቱ ስልክ ሰንበት ስለማይነሳና ቤታቸው ስልክ ስለሌለ የሰፈራቸውን ባለሱቅ የጋሽ ወልዴን ቁጥር ሰጡት።

ለጉባኤው የተመደብነው ሦስት ነን። ዶክተር ሽኩር ጽሑፍ ያቀርባሉ፣ እኔ እረዳቸዋለሁ፣ አለቃችን የቡድን መሪ ነው። የአለቃችንን ስም አልጠራም፤ አንቱ የምለውም ፊት ለፊቱ ብቻ ነበር፣ አሁን የለምና ይቅርብኝ። ጽሑፉ ባጭሩ በድንበራችን አካባቢ ደስታ ከጠፋ ቆይቷል፣ ስለዚህ የጎረቤት አገሮች ከብታችንን ያለ ስጋት ይግዙ የሚል ነው። ይህ ቃል ከተነገረ ድንበሩ ለከብት ንግድ ይከፈታል። አለቃችን ለበላዮቹ ቃል ገብቷል፤ ሹመቱም በዚያ ላይ ነው።

የምንሄደው እሁድ ከሰዓት ነበር። ዶክተርን ይዤ ቦሌ ለመሄድ በላዳ ታክሲ ቤታቸው ደረስኩ። ሻንጣቸውን ጭነን ልንነሳ ስንል ጋሽ ወልዴ ከሱቃቸው ወጥተው እየሮጡ መንገዱን አቋረጡ።

"ዶክተር! የምሥራች!"

"ምሥር ይብሉ!" አልኩ እኔ ከአፌ ቀድሞኝ።

"አሁን ከቆላ ተደውሎ ነበር። 'ደስታ ገብቷል ይበሏቸው፣ እሳቸው ይገባቸዋል' አለኝና መስመሩ ተቆረጠ። እንኳን ደስ ያለዎት! ምንድን ነው፣ ሹመት ነው? ልጅ ተወለደ?"

የዶክተር ሽኩር ፊት አመድ መሰለ። እጃቸው ወደ ጆሯቸው ሄደ፣ ግን አልያዘውም፤ አየር ላይ ቀረ። ደስታ ገብቷል። ሾፌሩም ገብቷል ነው የሚባለው፣ በሽታውም ገብቷል ነው። አማርኛችን እዚህ ላይ ጨከነብን።

"ጋሽ ወልዴ" አሉ ቀስ ብለው፣ "የልጁ ድምፅ እንዴት ነበር?"

"ይጮህ ነበር።"

"የደስታ ጩኸት ነው ወይስ የድንጋጤ?"

"ኧረ ዶክተር፣ በዚያ መስመር ማን የማይጮህ አለ!"

ሱቅ ገብተን መልሰን ደወልን። የከተማዋ ስልክ ቤት እሁድ ከቀትር በኋላ ይዘጋል አለችን ኦፕሬተሯ። ጋሽ ወልዴ ጥፋታቸው ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ተክዘው ቀሩ፤ እኛም ወደ ቦሌ ሄድን። መንገዱን ሁሉ "ሾፌሩ ነው፣ ሾፌሩ ነው" እያልኩ በልቤ እጸልይ ነበር።

አለቃችን አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሲሰማ ሳቀ። "ሾፌሩ ነዋ! ሌላ ምን ይሆናል? አንተ ደግሞ ሽኩር፣ ፈሪ ስለሆንክ ሁሉም ነገር በሽታ ይመስልሃል።" በዕድሜ ታላቁ ናቸው፤ ግን አንተ ነው የሚላቸው።

አውሮፕላን ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነበር። ስንነሳ የወንበሩን ክንድ ጨብጬ ማርያም ማርያም እላለሁ። ዶክተር ሽኩር በተራቸው ሲጮሁ ይሰማኛል ብዬ ዞር ስል ዝም ብለው በመስኮት ያያሉ። ሊፍት የሚፈሩ ሰው፣ መሬቱ ከእግራቸው ሥር መልቀቁን እንኳ አላወቁም። ያኔ ነው በጣም የደነገጥኩት። እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ እሳቸው እስካሉ ድረስ የሁላችንንም ፍርሃት እሳቸው የሚፈሩልን ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ሐሳባቸው የት እንደሄደ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ከሆቴሉ አዲስ አበባ ደወልኩ። ቢሮ ያለችው ጸሐፊ፣ ከቆላ ምንም አልሰማንም፣ በዝናቡ መስመሩ ወድቋል አለችኝ። ስለ ሾፌሩም የምታውቀው ነገር የለም። ያን ቀን ሙሉ ስብሰባ ተቀምጠን አንድ ቃል አልገባኝም። ማታ ወደ ክፍላችን ስንመለስ ሦስታችን ብቻ ሊፍት ውስጥ ገባን። በሩ እንደተዘጋ አለቃችን ሳያየን፣ የሊፍቱን ቁጥሮች እያየ ተናገረ።

"ሽኩር፣ የሾፌር ስም ይዘህ አገር እንዳታዋርድ። ነገ የምታነበው የተጻፈውን ነው። ከተጻፈው አንዲት ቃል ብትወጣ ስንመለስ ወንበርህ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል። ልጆች አሉህ አይደል?"

"አሉኝ" አሉ ዶክተር ሽኩር።

"እንግዲህ አስብላቸው።"

በማግስቱ ቁርስ ላይ ዳቦውን ይቆራርሱታል እንጂ አይበሉም። አላስችል ብሎኝ "ዶክተር፣ ሾፌሩ ነው። ልቤ ነግሮኛል" አልኳቸው።

"ልብሽ ሾፌሩ እንዲሆን ስለፈለገ ነው ፀሐይ። የእኔም ልብ ይፈልጋል። ስለዚህ የሁለታችንም ልብ አይታመንም።" ዳቦውን ገፋ አደረጉት። "ሾፌሩ ከሆነና ከተናገርኩ የምጎዳው እኔ ነኝ። በሽታው ከሆነና ዝም ካልኩ ግን ድንበሩ ይከፈታል። አንድ የታመመ በሬ ገበያ ከደረሰ የዚህም አገር የዚያም አገር ከብት አለቀ። ዝም በል ያለኝ ሰው ያን ጊዜ በረት በር ላይ ሄዶ አይቀመጥም።"

"አለቃችንን አይፈሩም?"

"እንዴት አልፈራ! ከእሁድ ጀምሮ ምግብ ወርዶልኝ አያውቅም። እጄን ተመልከቺ እስቲ።" አየሁት። የሻይ ማንኪያውን ሊይዝ አልቻለም።

ምን ልላቸው ነው? ተናገሩ ብላቸው ልጆቻቸውን እኔ አላሳድግም። አይናገሩ ብላቸው ደግሞ ያ ባዶ በረት እኔም ፊት መጥቶ ተደቀነ። ሻዬን ጠጣሁ፤ ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ አላስታውስም።

አዳራሹ ሰው ሞልቶታል። ተራቸው ደርሶ ሲቆሙ ወረቀቱ በእጃቸው ላይ ሲርገበገብ ማይክሮፎኑ ድምፁን ለአዳራሹ ሁሉ አሰማው። ማንበብ ጀመሩ። የመጀመሪያው ገጽ አለቀ፣ ሁለተኛው አለቀ። ከዚያ ያቺ ዓረፍተ ነገር መጣች፤ በአካባቢው በሽታው የለም የምትለው። ቆሙ። እጃቸው ወደ ግራ ጆሯቸው ሄደ። አለቃችን ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሳል አልነበረም።

ዶክተር ሽኩር ወረቀቱን አስቀመጡና በእንግሊዝኛ "አይ አም አፍሬድ" ብለው ጀመሩ።

ፈረንጆቹ ይህን የሚሉት ለትሕትና ነው፤ መጥፎ ወሬ ሲናገሩ ይቅርታ እንደማለት ነው። አዳራሹ በሙሉ እንደዚያው ነው የሰማው። የመድረኩ መሪ ራሱን በጨዋነት ነቀነቀ። እውነተኛ ትርጉሙን ያወቅነው እኔና አለቃችን ብቻ ነን። ሰውየው የተናገሩት ቃል በቃል ነው። እፈራለሁ ነው ያሉት። በአደባባይ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ፈርቻለሁ አሉ።

ከዚያ ቀጠሉ። ከመነሳታችን በፊት ከድንበር አካባቢ በስልክ መልእክት እንደደረሳቸው፣ መልእክቱ በሽታው ገብቷል ማለት ሊሆን እንደሚችል፣ ሌላ ነገር ማለትም ሊሆን እንደሚችል፣ እስኪጣራ ድረስ ግን በዚያ በኩል ከብት እንዳይሻገር እንደሚለምኑ ተናገሩ።

"ተረጋግጧል?" አላቸው የመድረኩ መሪ።

"አልተረጋገጠም። ስህተት ከሆነ ስህተቱ የእኔ ነው፤ የአገሬ አይደለም።"

ጉርምርምታ ተነሳ። ከጎረቤት አገር የመጡት ሰዎች አንድ ሁለት እያሉ ስልክ ፍለጋ ወጡ። ዶክተር ሽኩር መጥተው አጠገቤ ዘፍ አሉ። ላብ ሸሚዛቸውን አጣብቆታል።

"ፀሐይ" አሉኝ በሹክሹክታ፣ "እግሬ አለ?"

"አለ ዶክተር።"

"አይሰማኝም።"

እጅጌያቸውን ያዝኩና እንደያዝኩ ቀረሁ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ድንበሩ ለከብት እንደተዘጋ እንዲቆይ ተወሰነ። የሚቀጥሉትን ቀናት አለቃችን ከእኛ ጋር ማዕድ አልቀረበም፣ አላናገረንም፣ እንደ እዳሪ ዞሮን ነበር የሚያልፈው። ይህ ከስድቡ የበለጠ አስፈራኝ። ከአዲስ አበባም መልስ የለም፤ መስመሩ አሁንም አልተጠገነም።

ስንመለስ ቦሌ ደርሰን ሻንጣችንን ይዘን ወጣን። አለቃችን ቀድሞናል። በሩ ጋ ድንገት ቆመና ሳቅ ጀመረ። ከዚያ ወደ ዶክተር ሽኩር ዞሮ በጣቱ ወደ መኪና ማቆሚያው ጠቆመ።

"ይኸውልህ! ይኸውልህ ያንተ በሽታ!"

ሾፌሩ ደስታ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ተደግፎ ቆሟል። ሊቀበለን ተልኮ ነው የመጣው። አለቃችን ሲጠቁምበት ደንግጦ ቀጥ አለ። "ምን አጠፋሁ ጌታዬ?"

ዶክተር ሽኩር ሻንጣቸውን ጥለው ሄዱና ትከሻውን ያዙት። "መቼ ገባህ?"

"እሁድ ጠዋት ነው ዶክተር። መንገዱ ተቆርጦ፣ ወንዙ ሞልቶ፣ ስንት አበሳ አይቼ። ረዳቱ ልደውልላቸው ብሎ ስልክ ቤት ሮጦ ነበር፤ አልነገሩዎትም?"

"ከብቶቹስ?"

"የትኞቹ ከብቶች?"

"የዚያ አገር ከብቶች! እንዴት ናቸው?"

"ምን ይሆናሉ? ደህና ናቸው። ወተት ሲያጠጡኝ ነው የሰነበቱት።"

እኔ እዚያው ቆሜ ዓለም ዞረብኝ። ሾፌሩ ነው። ሰውየው ራሳቸውን በባዶ ነገር አጠፉ። ወንበራቸው ሄደ፣ ስማቸው መሳቂያ ሆነ፣ ልጆቻቸው ምን ሊበሉ ነው ስል፣ ዶክተር ሽኩር ሻንጣቸው ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ማልቀሳቸው መስሎኝ ሮጥኩ። ስደርስ ይስቃሉ። እንባቸው በጣታቸው መሃል እየወረደ ይስቃሉ።

"ሰማሽ ፀሐይ? ወተት ጠጥቷል! አልሐምዱሊላህ፣ ወተት ጠጥቶ ነው የመጣው!"

ሾፌሩን አንገቱን አቅፈው ደጋግመው ሳሙት። እሱ ግራ ተጋብቶ አንዴ እኔን አንዴ አለቃችንን ያያል።

መኪና ውስጥ ገባን። አለቃችን ከፊት ተቀመጠ፤ እኔና ዶክተር ከኋላ። የቦሌን መንገድ ስንይዝ መናገር ጀመረ፤ ወደ ኋላ አልዞረም። ከነገ ጀምሮ ክፍሉን ታስረክባለህ። አገር አዋርደሃል። ከዋናው መሥሪያ ቤት ትነሳለህ፤ የት እንደምትሄድ እኔ አውቃለሁ። ጉዳዩ በበላይ አካል ይታያል፤ ደመወዝህንም ቢሆን እንዳትተማመን። የኔም አለቃ ነው፤ የኔም እንጀራ በእሱ እጅ ነው።

"ሰማኸኝ ሽኩር?"

ሾፌሩ በመስታወት ወደ ኋላ አየ።

"ሽኩር!"

ዞር ብዬ አየኋቸው። ራሳቸውን መስኮቱ ላይ ደግፈው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ድብን ያለ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

"ተኝተዋል" አልኩት።

"ቀስቅሺው።"

ዓይኔን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

"አትሰሚም እንዴ? ቀስቅሺው አልኩሽ!"

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

"አልቀሰቅሳቸውም" አልኩት።